ሁለት ኢትዮጵያ በአንድ ሳሎን

ሰው ሚስት ሊያገባ ሲል ምን ምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ሥራህ ምንድን ነው ይባላል። ቤተሰቦችህ የት ናቸው ይባላል። ትጠጣለህ ወይ ይባላል፤ እዚህ ላይ ሁላችንም «አልፎ አልፎ» ብለን እናልፋለን። እኔ የተጠየቅሁትን ግን ሌላ ሙሽራ ተጠይቆት የሚያውቅ አይመስለኝም። «ከነዚህ ሠላሳ ምናምን ሕዝቦች የትኛውን ትመርጣለህ?» ነው የተባልኩት። መልሱን ስፈልግ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ፤ ካገኘሁት በኋላ ደግሞ ሚስት ላጣ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ፤ አለዚያ አታምኑኝም።

ሰናይትን የማውቃት ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄደው ታክሲ ነው። እኔ ቤቴል ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ እሷ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን ስንጋፋ ከረምን። ከዚህ በላይ መቀራረብ የሚቻለው በጋብቻ ብቻ መሆኑ ሲገባን፣ ሽማግሌ እንድልክ ተስማማን። የሚላከው ወደ አባቷ ወደ ጋሽ ደምሴ ነው። ችግሩም እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ኮልፌን ሜትር በሜትር ለክተዋታል። እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ የሰው አጥር ሲያዩ ቆም ይሉና «እኔ ችካል የመታሁት እዚያ ጋ ነበር» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ባለ አጥሩም በመስኮት አይቷቸው መጋረጃውን ይዘጋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቸኝነት እንዳይጎዳቸው ብላ ሰናይት ኮምፒውተር አስገባችላቸው። ጋዜጣ እንዲያነቡበት፣ ስብከት እንዲያዳምጡበት ነበር ሐሳቡ። ወንድሟ ግን ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ከመሄዱ በፊት አንድ ጌም ጫነላቸው። በቃ፤ ጋዜጣውም ስብከቱም በዚያው ቀረ።

ጌሙ እንዲህ ነው። ከዓለም ሕዝቦች አንዱን ትመርጣላችሁ። ጥቂት ገበሬ ይሰጣችኋል። ገበሬው እንጨት ይቆርጣል፣ ያርሳል፣ ቤት ይሠራል፤ ሲደላችሁ ወታደር ታሠለጥኑና ጎረቤታችሁን ትወጋላችሁ። ባጭሩ የዓለም ታሪክ ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው ማቆሚያ ቁልፍ አለው። ጋሽ ደምሴ ሁልጊዜ ኢትዮጵያን ይዘው ኮምፒውተሩን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቀጠቅጡት ኖሩ።

ሰናይት «አባዬ፣ እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው» ስትላቸው ዐይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ መለሱላት።

«ይምጡ። ግን የሚሉኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው ይሉኛል። ልጃችን ሰነፍ ነው ብሎ የመጣ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። እኔ ሰው የማውቀው ሲጫወት ነው። ቅዳሜ እሱ ራሱ ኮምፒውተሩን ይዞ ይምጣ። ደግሞ ሕዝቡን መርጦ ይምጣ በይው።»

እንግዲህ በኛ ወግ ሙሽራ ሽማግሌ ሳይልክ የልጅቷን ደጅ አይረግጥም። ቀያሽ ከጠራው ግን ምን ያደርጋል?

«ብቻ ኢትዮጵያን እንዳትነካ» አለችኝ ሰናይት። «የሱ ናት። ወንድሜ አንድ ቀን ቀድሞ መርጧት ሁለት ቀን አኩርፎታል።»

የጂኦግራፊ አስተማሪ ሕዝብ መምረጥ ያቅተዋል ብዬ አልጠረጠርኩም። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ «ሞንጎል» አልኳት። ፈረሰኞች ናቸው፣ ፈጣኖች ናቸው፣ ወንድ ያስመስላሉ። ማክሰኞ መልሱን ይዛልኝ መጣች።

«'ሞንጎል ድንኳን ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ልጄን ድንኳን ውስጥ ሊያኖራት ነው ወይ?' አለህ።»

እኔ ደግሞ ተከራይ ነኝ። ነገሩ ከጌሙ አልፎ ወደ ኑሮዬ ሲመጣ ታየኝና ሞንጎልን ሰረዝኩ። «እሺ፣ ቫይኪንግ» አልኳት። ረቡዕ መልሱ መጣ። «'መርከብ ላይ የሚውል የሚያድር፣ ቤቱ የማይገኝ ባል!'» ቻይና አልኩ። ቻይና እንኳን ያስመሰግናል ብዬ ነበር፤ ዝም ብሎ የሚሠራ ሕዝብ ነው። «'ሥራው ጥሩ ነው፤ ግን መንገድ ሲሠሩ አብሬያቸው ውያለሁ፣ ሚስቱ ትዝ ያለችው አንድም አላየሁም' አለ።» ሐሙስ እንግሊዝ አልኩ፤ ቀስተኞች ናቸው። «'ከሩቅ ቆሞ የሚወረውር! ፊት ለፊት የማይነጋገር ሰው ለትዳር አይሆንም።'» ጣሊያንም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። እሱን ግን ድምፅ አውጥቼ አልተናገርኩም፤ ረዳቱ ቢሰማኝ ፌርማታ ሳይደርስ ያወርደኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጆች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሳምንቱን ሙሉ ስሰማችሁ ነው የከረምኩት። ይሄን ዘር መራረጣችሁን ትታችሁ ዝም ብላችሁ ብትጋቡስ?»

«ኧረ እናቴ፣ የኮምፒውተር ነው» አልኳቸው ደንግጬ።

«ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥም ገባ?» ብለው አማተቡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱፌን ለብሼ፣ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ምንም ሕዝብ ሳልመርጥ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ክራቫት አድርገው ጠበቁኝ። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ላፕቶፔን በገመድ ከሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን ፊት ለፊት ተቀመጥን። የሕዝቦቹ ዝርዝር ወጣ።

«ምረጥ፤ እንግዳ ነህ» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ።»

«አንተ እያለህ?»

«እርስዎ እያሉ እንዴት ብዬ!»

በዚህ ሁኔታ ዐሥር ደቂቃ ሄደ። እንደኛ ተግባብቶ ጦርነት የሚጀምር ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ እሳቸው ኢትዮጵያቸውን ያዙና እኔን ይጠብቁ ጀመር። ሞንጎል ብል ድንኳን፣ እንግሊዝ ብል ቀስት። ከዝርዝሩ ግርጌ ግን አንዲት ትንሽ ቁልፍ አየሁ፤ ዕጣ የምታወጣ። እሷን ከተጫናችሁ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመርጥላችኋል። የሚወጣው ሕዝብ ምንም ዓይነት ጠባይ ይኑረው፣ ጠባዩ የኔ አይደለም ማለት ነው። አቤት ብልጠቴ! ተጫንኩ።

ኢትዮጵያ ወጣች።

ሻይ ይዛ የገባችው ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ኢትዮጵያ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ዕጣው ነው።»

«አፈርክባት እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ 'እኔ አይደለሁም' የምትለው ምንድን ነው?»

እሳቸው ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ፈታ አለ። «እሺ፣ ደግም አይደል። አንተም ኢትዮጵያ፣ እኔም ኢትዮጵያ። አንድ ሕዝብ በምን ይጣላል? ጎን ለጎን በሰላም እንኖራለን።» እኔም አመንኳቸው፤ ደስም አለኝ። ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው አልኳችሁ እንጂ ታሪክ አላልኩም።

ሰላማችን ሃያ ደቂቃ ቆየ። እንዴት ያለ ሃያ ደቂቃ መሰላችሁ! የሳቸው ሰማያዊ ገበሬዎች ሲያልፉ የኔ ቀዮቹ ዞር ብለው መንገድ ይለቃሉ። የሳቸው በግ ወደኔ ሲመጣ በገበሬ አስሸኝቼ እመልሳለሁ። እሳቸውም «ተባረክ» ይላሉ። ሰናይት ከኋላቸው ቆማ አውራ ጣቷን ታሳየኛለች። እኔም ልቤ አበጠና ንብረቴን ላሳምር ብዬ ዳር ላይ ግንብ ማሠራት ጀመርኩ። አማቼ የሚሆኑት ሰው ግቢውን የሚያጥር ሰው እንደሚወዱ ገመትኩ እንጂ፣ አጥር ለጡረተኛ ቀያሽ ምን እንደሆነ አላሰብኩበትም።

«እስቲ ቆይ» አሉ መነጽራቸውን ወደ ላይ እየገፉ። «ያ ግንብ የማነው?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«የቆመው የማን መሬት ላይ ነው?»

ተነሥተው ከመሳቢያ ውስጥ የብረት ሜትራቸውን አወጡ። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው ፈገግ አላሉም። ሜትሩን ስክሪኑ ላይ ዘረጉት።

«ከቤቴ እስከ ጫካው ዐሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር። ጫካው ወሰናችን ነው። ከጫካው ወዲህ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገብተሃል።»

«ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ሲያንቀሳቅሱት ይንቀሳቀሳል እኮ።»

«መሬት አይንቀሳቀስም!»

በእውነት እነግራችኋለሁ፣ ግንቡን ላፈርሰው ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ። የሳቸው ኮምፒውተር ድርግም አለ። የኔ ላፕቶፕ ግን ባትሪ አለው። ገበሬዎቼ ደግሞ የመብራቱን መጥፋት አልሰሙም፤ አስቀድሞ የታዘዙትን ግንብ እየገነቡ ቀጠሉ። ደንግጬ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ኋላ ነቅቼ ጨዋታውን አቁሜ ባለበት እስካስቀምጠው ድረስ ግንቡ ይባስ ገፍቶ የጋሽ ደምሴ እርሻ አጠገብ ደርሷል።

ዞረው መጥተው የኔን ስክሪን አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የባሰ ነው፤ ሐዘን ነበር።

«መብራት ሲጠፋ ገፋህብኝ» አሉ። «በሥራ ዘመኔ ስንቱን አየሁ። ቀን ተለክቶለት መብራት ሲጠፋ የሚገፋ። አንተ እንኳ አስተማሪ ነህ ብዬ ነበር።»

«ጋሼ፣ ገበሬዎቹ ናቸው እኮ!»

«አዛዣቸው ማነው?»

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እሳቸው ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። «ነገ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አሉ። «መጀመሪያ የሚሸመግሉት ግን ይህን ነው።» ሰናይት እስከ በር ስትሸኘኝ «ምነው ዝም ብለህ አንድ ሞንጎል ብትሆን!» አለችኝ፤ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ጌም አለመሆኑ የገባኝ። ልጅቷ ልታመልጠኝ ነው።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎቼ ነጭ ለብሰው ሄዱ፤ ከሳንሱሲ የመጣው አጎቴ፣ የእድራችን ሰብሳቢና የነፍስ አባቴ። ስለ ጌሙ ትንፍሽ አላልኩላቸውም፤ አፍሬ። እኔ በወጉ መሠረት ቅርብ ያለ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ሳልነካው አቀዘቅዛለሁ። የሆነውን የሰማሁት ኋላ ከአጎቴ ነው።

ገብተው ሰላምታ ተሰጣጡ። ጋሽ ደምሴ ወንበር አሳዩአቸው። አጎቴ በወጉ «የለም፣ የመጣንበት ቁም ነገር ስላለ መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም» አለ።

«ደግ። ከዚያ በፊት ግን ልጃችሁ ድንበሬን ገፍቶብኛል» አሉ ጋሽ ደምሴ።

አጎቴ በዚህ አገር ላይ አንዲት ካሬ እንደሌለኝ ያውቃል። «መሬት አለው እንዴ?» አለ፣ ደስ ብሎት። «የት ነው ባክዎ? እኛን ደብቆን ነው!»

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። «ና ቶሎ» አለኝ አጎቴ። «ሁለቱም ወገን ካልተሰማ ፍርድ አይሆንም።» በራሱ ሽምግልና ላይ በሩጫ የደረሰ ሙሽራ ከኔ በፊት ካለ ንገሩኝ።

ስገባ መብራት መጥቷል፤ እኔም ትናንት እዚያው ትቼው የሄድኩትን ላፕቶፔን ከፍቼ ጨዋታውን ካቆመበት መለስኩት። ሦስቱም ሽማግሌዎች ኮምፒውተሩን ከበው ቆመዋል። አንቀመጥም ብለዋላ! የእድሩ ሰብሳቢ የሜትሩን ጫፍ ይዘዋል፤ ጉልበታቸው ደግሞ የታመመ ነው፤ እያፈራረቁ አንዴ በግራ እግር አንዴ በቀኝ ይቆማሉ። አጎቴ ቀዩ ገበሬ የኔ መሆኑን ሲሰማ «ከስቷል» አለ። የነፍስ አባቴ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው ብዙ ካዩ በኋላ «ቤተ ክርስቲያን የሠራው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ደምሴ ሦስት ሠርተዋል። እኔ አንድም። አጎቴ በክርኑ ጎሸመኝ።

ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ሰናይት ምስክር ሆና ተጠራች። «ግንቡ ሲሠራ አይቻለሁ፤ እሱ ግን እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር» አለች፣ ነርስ እንደመሆኗ ጥርት አድርጋ። ሽማግሌዎቹ በረንዳ ወጥተው፣ መክረው፣ ተመለሱ። ግንቡ ይፍረስ፣ ጫካው የጋራ ይሁን፣ ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ሳሎን ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ጊዜ አይባክን ተብሎ የቴሌቪዥኑን ስታቢላይዘር ጫንቃዬ ላይ አደረጉልኝ። እንዳይመስላችሁ፣ ከባድ ነው። ጎንበስ ብዬ ከሳቸው እግር ሥር ቆምኩ።

«አውርድ ልጄ፤ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ። ተቃቅፈን ተሳሳምን። የእድሩ ሰብሳቢ ከጉልበታቸው በላይ ተደስተው እጃቸውን ዘረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ አባትና ልጅ ናችሁ! ይህን ያፈረሰ እግዚአብሔር ያፍርሰው!» የነፍስ አባቴ ጸሎት አደረጉበት። ሁላችንም አሜን አልን። ከሁሉ አስበልጬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ስንመለስ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡልን…»

«ለየትኛው ልጃችሁ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ለዚሁ ነዋ! ይኸው የቆመው።»

«እሱማ የኔ ልጅ ነው። አሁን አይደል አሜን ያላችሁት? ታዲያ እህቱን እንዴት አድርጌ ነው የምድርለት?»

አጎቴ የእድሩን ሰብሳቢ አየ፤ የእድሩ ሰብሳቢ የነፍስ አባቴን አዩ፤ የነፍስ አባቴ ጣሪያውን አዩ።

«አባባል እኮ ነው» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ ቀስ ብለው።

«ጸሎት ተደርጎበታል» አሉ የነፍስ አባቴ።

«ታዲያ አይፈርስም?»

«ያፈረሰ ይፍረስ ብለው የረገሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሁለት ዓመት የታክሲ ግፊያ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ የዓለም ሕዝብ ስመርጥ፣ ስታቢላይዘር ተሸክሜ፣ መጨረሻው ወንድሟ መሆን ነው? ሰናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ማወቅ አልቻልኩም። ልጠይቃት እንኳ በየትኛው መብቴ? ማልቀስ አማረኝ፤ አላፍርም፣ እውነቴን ነው።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ብዙ ጠረጉት። «መላ አለው» አሉ በመጨረሻ። «የታረቅነው እኔም እሱም ኢትዮጵያ በሆንበት ጨዋታ ነው። ያ ይዘጋ። አዲስ ይከፈትና ባዳ ይሁን። ሌላ ሕዝብ ይምረጥ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ነፍስ አባቴ ዞሩ። እሳቸውም አሰላሰሉና «ጸሎቱ ለዚያኛው ጨዋታ ነው» አሉ። «በአዲሱ ላይ አልጸለይንም።» የእድሩ ሰብሳቢ ከእፎይታ ብዛት ግድግዳውን ደገፉ።

እንደገና ዝርዝሩ ፊት ተቀመጥኩ። ያገሬን ልጅ ለማግባት ያገሬን ሕዝብ ጥዬ ልወጣ ነው። አምስት ሰው ከኋላዬ ይተነፍሳል። እጄ ወደ ዕጣዋ ቁልፍ ስትንቀሳቀስ «ዕጣ የለም!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ቫይኪንግን አየሁ፤ ቻይናን አየሁ፤ እንግሊዝን አየሁ። ሰናይት ትናንት በር ላይ ያለችኝ ትዝ አለኝና ተጫንኩ።

«ሞንጎል» አሉ ጋሽ ደምሴ አንብበው።

«አዎ ጋሼ።»

«ስለ ሞንጎል ያልኩትን ነግራሃለች?»

«ነግራኛለች።»

«ልጄን ድንኳን ውስጥ ልታኖራት ነው?»

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ለሠርጋችን ቀን።»

እሳቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ምን ቆማችሁ ቀራችሁ? ተቀመጡ እንጂ!» አሉ። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ሶፋው ላይ ወደቁ። የእድሩ ሰብሳቢ ጉልበታቸውን ይዘው ምስጋና ጀመሩ። ጋሽ ደምሴ ግን ምስጋናውን አልሰሙትም፤ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተዋል።

«ድንኳኑ የሚተከልበትን የምለካው እኔ ነኝ» አሉኝ። «አንተ እንዳትነካ።» ጫፉን ለሰናይት አስይዘው ወደ ግቢው ወጡ።